የፈረስ ስምና የፈረስ ጥርስ

ዶሮ ገዝቶ የተታለለ ሰው ቢበዛ የአንድ ቀን ወጥ ይቀርበታል። ፈረስ ገዝቶ የተታለለ ግን ጎተራው ነው የሚራቆተው። የፈረስ ዋጋ ገብስ ተሽጦ፣ ወይፈን ተሽጦ፣ አንዳንዴም ከዘመድ ብድር ተጨምሮበት የሚሞላ ገንዘብ ነው። በማግስቱ ፈረሱ ቢያነክስ ወይም ጭነት አልቀበል ቢል፣ ሻጩ ወንዝ ተሻግሯል፤ ገንዘቡም አብሮት ሄዷል።

ታዲያ ገበያ ላይ ሻጭና ደላላ ከሁሉ አስቀድመው የሚያወሩት ስለ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ስለ ስም ነው። «ይህ እኮ የእገሌ ፈረስ ልጅ ነው! በአገሩ ሁሉ ስሙ የተጠራ ነው! ጉግስ ላይ ማን ይደርስበታል!» ይላሉ። ገዢው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። እንዲህ ያለ ስመ ጥር ፈረስ አፉን ከፍቶ ማየት፣ እግሩን አንሥቶ መመርመር ነውር ይመስለዋል። ደላላውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ፈረስ ሲገዛ ስሙ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? «ስሙ ምን ያደርግልኛል፣ የምጫነው ጀርባውን ነው» የሚል ሰው አለ። «ስሙን አምኜ ነው የገዛሁት» የሚልም አለ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ስም በእኛ አገር

አገራችን ለፈረስ ስም ትልቅ ክብር የሰጠች አገር ናት። በጥንት ጊዜ ጀግናው ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም እስከ ዛሬ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር «ቃኘው» የተባለው በዚሁ ስም ነው። የአንድ ፈረስ ስም ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ እንበል። ለእነዚህ ስሞች ክብር ያመጣላቸው ሥራ ነው። መጀመሪያ ፈረሱና ጌታው ዋሉበት፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ተጠራ። ስም ቀድሞ ሥራ የተከተለበት ጊዜ የለም።

የገበሬው ፈረስ ደግሞ እንዲህ ያለ ስም እምብዛም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በመልኩ ነው። ቀይ ወደ ጥቁረት የሚያደላው ዳማ ይባላል። ነጩ አምባላይ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ፣ አመዳማው ዳልቻ፣ ወደ ቢጫ የሚሄደው ቡላ ይባላል። ይህ በሰፈር ውስጥ ይበቃል። «ቦራው ጠፋ» ሲባል የማን ቦራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ገበያ ላይ ግን በአንድ ቅዳሜ ሃያ ዳማ ይቆማል። አንድ ሰው «የተሰረቀብኝ ዳማ ይኸው» ቢልና ሌላው «የለም፣ እኔ ከሩቅ አገር የገዛሁት ዳማ ነው» ቢል፣ ስሙ ብቻውን ማንን ይረዳል?

እንግሊዞችም ከብዙ ዘመን በፊት የገጠማቸው ችግር ይኸው ነበር። እነሱ ምን እንዳደረጉ ማወቅ ይጠቅመናል። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የምንጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መቀነስ ነው።)

ስም በመዝገብ

እንግሊዞች ለእሽቅድምድም የሚሆን ፈረስ ለማርባት ሲሉ ከቱርክና ከዓረብ አገር ድንጉላ ፈረሶችን ያስመጡ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የዚህ ዘር ፈረሶች ሁሉ በአባት በአባት ሲቆጠሩ ከሦስት ድንጉላዎች የወጡ ናቸው። ሦስቱም የሚጠሩት በባለቤቶቻቸው ስም ነው፦ የባየርሊ ቱርክ፣ የዳርሊ ዓረብ፣ የጎዶልፊን ዓረብ። እኛ ዘንድ ጌታው በፈረሱ ሲጠራ፣ እነሱ ዘንድ ፈረሱ በጌታው ተጠራ! ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ችግር ነበረበት። ፈረሱ ሲሸጥ ስሙ ይለወጣል። ብዙ ፈረስ ስም አልነበረውም፤ ብዙው ደግሞ አንድ ዓይነት ስም ነበረው። ገዢ የእገሌ ልጅ ነው ብሎ የገዛው ፈረስ የማን ልጅ እንደሆነ በርግጥ ማወቅ አይችልም ነበር።

ስለዚህ በ1791 የፈረስ ዘር መዝገብ አሳተሙ። በመዝገቡ ውስጥ የእናቲቱ ባዝራ ስም፣ የወለደችው ግልገል፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ዓመት ይጻፋል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች አገሮችም እንዲሁ አደረጉ። ስም አወጣጡም ሕግ ተበጀለት። ለምሳሌ በአሜሪካ የእሽቅድምድም ፈረስ ስም በእነሱ ፊደል ከ18 መብለጥ የለበትም፤ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታም ይቆጠራል። በሕይወት ያለ ሰው ስም ያለ ፈቃዱ ለፈረስ አይሰጥም። በጣም ዝነኛ የሆነ ፈረስ ስም ለሌላ ፈረስ ዳግመኛ አይወጣም። ፈረሱ ውድድር ከመጀመሩ በፊት ስሙን ማስለወጥ ይቻላል። አንዴ ከሮጠ በኋላ ግን አይቻልም። ለምን? የሮጠባቸው ውድድሮች ሁሉ በዚያ ስም ተጽፈዋላ! ስሙ ከተለወጠ የሥራው ታሪክ ይጠፋል።

እንዲህ ባለ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው የመዝገቡን ስም መጠየቁ ትክክል ነው። ስሙን ይዞ መዝገቡን ሲከፍት እናቱን፣ አባቱን፣ ዕድሜውን፣ ስንት ጊዜ ሮጦ ስንት ጊዜ እንደቀደመ ያገኛል። ስሙ ለበር ቁልፍ እንደማለት ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር እንጂ ቁልፉ ራሱ አይበላም። ስሙ ቢያምር ባያምር፣ አንበሳ ቢባል ጉንዳን ቢባል ለዋጋው አንዳች አይጨምርም።

እንዲያውም እነዚህ ሰዎች ለፈረስ ሁለት ስም ያወጣሉ። አንዱ የመዝገቡ ረጅም ስም ነው። ሁለተኛው በረት ውስጥ የሚጠሩበት አጭር ስም ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእኛ መካከል የክርስትና ስሙ ሌላ፣ እናቱ የምትጠራበት ስም ሌላ የሆነ ሰው ስንት አለ! የክርስትና ስሙን የሚያነሡት ቄሱ ናቸው፤ ለእራት ሲጠራ ግን ማንም በዚያ አይጠራውም። ስለዚህ የመዝገብ ስሙ ያልጣመው ገዢ የራሱን ስም አውጥቶ ቢጠራው ፈረሱ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ወረቀቱ ላይ ያለውን ግን አይነካም።

ትልቅ ዘርና ትልቅ ዋጋ

የዘር መዝገብ ጥቅም እንዳለው አየን። ታዲያ ዘሩ የታወቀ ፈረስ ሁሉ ጥሩ ፈረስ ነው? አይደለም። በ2006 በአሜሪካ አገር አንድ የሁለት ዓመት ፈረስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሲሸጥ የራሱ ስም እንኳ አልነበረውም። የተገዛው ዘሩ ታይቶ፣ በሙከራም አጭር መንገድ በፍጥነት ሲሮጥ ታይቶ ነው። በኋላ «ዘ ግሪን መንኪ» አሉት፤ አረንጓዴው ጦጣ ማለት ነው። ይህ ፈረስ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ብቻ ተወዳደረ። አንድም ጊዜ አልቀደመም።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ እንመልከት። በ1956 በዚያው በአሜሪካ ሃሪ ደ ሌየር የተባለ የፈረስ ግልቢያ አስተማሪ ፈረስ ሊገዛ ጨረታ ወጣ። ዘግይቶ ስለደረሰ ጨረታው አልቆ ነበር። የቀሩትን ፈረሶች ለመታረድ መኪና ላይ ጭነዋቸዋል። ከነዚያ መካከል አንድ ሲያርስ የኖረ አምባላይ ፈረስ አየ። ዘሩ የማይታወቅ፣ ወረቀት የሌለው ፈረስ ነው። በ80 ዶላር ገዛውና ከመኪናው አስወረደው። በኋላ ለጎረቤት ሸጠው። ፈረሱ ግን የጎረቤቱን አጥር እየዘለለ ተመልሶ ይመጣ ጀመር። ባለቤቱ ይህን አይቶ መልሶ ገዛው፤ መዝለልም አስተማረው። ልጆቹ «ስኖውማን» ብለው ስም አወጡለት። ይህ የእርሻ ፈረስ በ1958 እና በ1959 የአሜሪካ የዝላይ ፈረሶች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ስሙ በአገሩ ሁሉ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ስም ሲዋሽ

እስካሁን የተናገርነው ስሙ እውነተኛ ሲሆን ነው። ወረቀቱ የአንድ ፈረስ፣ ከፊታችን የቆመው ደግሞ ሌላ ፈረስ ቢሆንስ? ከሁሉ የከፋው ማታለል ይህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ኤፕሰም በሚባል ቦታ በየዓመቱ ደርቢ የሚባል ትልቅ እሽቅድምድም አለ። የሚወዳደሩት የሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ናቸው። ይህ ዕድሜ ለፈረስ የጉልበት መጀመሪያ ነው። የአራት ዓመት ፈረስ በመካከላቸው ቢገባ ጎረምሳ ከልጆች ጋር እንደሮጠ ይቆጠራል። በ1844 በዚህ ውድድር «ራኒንግ ሬይን» የተባለ ፈረስ ቀደመ። በብዙ ሰዎች ልብ ግን ጥርጣሬ ነበረ። ሁለተኛ የወጣው «ኦርላንዶ» የተባለው ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ኮሎኔል ፒል የቀደመው ፈረስ ዕድሜው ሦስት አይደለም ሲል ተከራከረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ቀዳሚው ፈረስ በስሙ የተመዘገበለት ሰው የእህል ነጋዴ ነበር። ማታለሉን የሸረበው ግን ሌላ ሰው ነው። እውነተኛው ፈረስ «ማካቢየስ» የሚባል የአራት ዓመት ፈረስ ነበር። የሌላውን ስም አልብሰው አስገቡት። ምስክሮች ወዲያና ወዲህ ተናገሩ። አንዱ አውቀዋለሁ ይላል፣ ሌላው አይደለም ይላል። ዳኛው ክርክሩ እንዲህ በወሬ ሲጎተት ባዩ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ፈረሱ ይቅረብ፣ አፉ ተከፍቶ ይታይ አሉ። ጥርሱ ዕድሜውን ይናገራላ! ፈረሱ ግን ጠፋ። ሰዎች ደብቀውት ነበርና ሊቀርብ አልቻለም። ፈረሱ ካልቀረበ ክርክሩ ምን ዋጋ አለው? የነጋዴው ጠበቃ ክርክሩን ተወ። ኦርላንዶ ቀዳሚ ነው ተብሎ ተፈረደ። ያን ያህል ወረቀት፣ ያን ያህል ምስክር ተሰልፎ፣ ነገሩን የቆረጠው የማይታይ አፍ ነበር።

ይህ የድሮ ነገር ነው የሚል ካለ፣ በ1982 በእዚያው በእንግሊዝ የሦስት ዓመት ፈረስ በሁለት ዓመት ፈረስ ስም ገብቶ ተወዳደረ። ሌሎቹን በ20 የፈረስ ቁመት ርቆ ቀደመ። ማታለሉ የታወቀው በፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ጥርሱ ይታይ ነበር፤ ጥርሱም የሁለት ዓመት ፈረስ ጥርስ አልነበረም። በ1984 ደግሞ በአውስትራሊያ ብሪዝቤን ከተማ ደካማውን ፈረስ በጎበዝ ፈረስ ለወጡት። የሁለቱ መልክ አይመሳሰልም ነበር። ስለዚህ ጎበዙን ፀጉሩን በሰው ፀጉር ማቅለሚያ ቀቡት። እግሩ ላይ ነጭ ምልክት እንዲኖረው ነጭ ቀለም ለቀለቁት። ቀለሙ መፍሰስ ሲጀምር ተመልካቹ ጮኸ፤ ነገሩም እዚያው ላይ ተያዘ።

ጥርስ ምን ይላል

እንግዲህ ወደ ራሳችን ገበያ እንመለስ። የዘር መዝገብ የለንም፤ የእያንዳንዱ ፈረስ መዝገብ ግን አፉ ውስጥ አለ። ይህን መዝገብ ማንበብ ፊደል ከመቁጠር አይከብድም። ያውም ከአንባቢዎቻችን መካከል ይህን ከእኛ አብልጠው የሚያውቁ ሽማግሌዎች እንዳሉ እናምናለን። ለወጣቶቹ ግን እንጽፈዋለን።

ፈረስ ከፊት ለፊት ከላይ ስድስት፣ ከታች ስድስት መንጫ ጥርስ አለው። ግልገል ሳለ የሚያወጣው የወተት ጥርስ ነው። የወተት ጥርስ ትንሽ፣ ነጭና አንገቱ ቀጠን ያለ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው መካከለኞቹ ሁለቱ ወልቀው ትልልቅ ጥርሶች ይተካሉ። በሦስት ዓመት ተኩል ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ይለወጣሉ። በአራት ዓመት ተኩል ዳርና ዳር ያሉት ይለወጣሉ። አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሞላ ይባላል። ወንዱ በዚሁ ዕድሜ ገደማ ክራንቻ ያበቅላል።

ከዚያ በኋላ የሚታየው የጥርሱ አናት ነው። በአዲስ ጥርስ አናት ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ፈረሱ ሲነጭና ሲያኝክ ጥርሱ ይበላል፤ ጉድጓዱም ይጠፋል። ከታች በኩል የመካከለኞቹ ጉድጓድ በስድስት ዓመት ገደማ፣ የቀጣዮቹ በሰባት፣ የዳሮቹ በስምንት ገደማ ይጠፋል። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ከላይኞቹ የዳር ጥርሶች ላይ፣ ከድዱ ሥር ቀጭን መስመር ብቅ ይላል። መስመሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአሥራ አምስት ዓመት የጥርሱን እኩሌታ ይደርሳል፤ በሃያ ዓመት እስከ ጫፉ ይዘልቃል። ያረጀ ፈረስ ጥርስ ደግሞ ረዝሞ ወደ ፊት ይጋደማል። ከጎን ሲያዩት የላዩና የታቹ ጥርስ እንደ ሾለ አፍ ይገናኛሉ።

ይህ ሁሉ ግምት መሆኑ መታወቅ አለበት። አሸዋማ አገር የሚግጥ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። እስከ አምስት ዓመት ያለው ግምት ጥሩ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ያለው ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ከዚህም ሌላ ተንኮለኛ ሻጭ አለ። ያረጀ ፈረስ ጥርስ ሞርዶ፣ አናቱን ቆፍሮና በእሳት አጥቁሮ የወጣት ማስመሰል በብዙ አገር የታወቀ የድሮ ማታለያ ነው። እንዲህ የተደረገበት ጥርስ አናቱ ጥቁር ይሁን እንጂ ርዝመቱና አጋደሙ ያጋልጠዋል። ስለዚህ አንዱን ምልክት ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም።

ሌላውን ባጭሩ እንበል። ኮርቻውን ማስወረድ የግድ ነው። ጀርባው ገጣባ መሆኑ የሚታየው ኮርቻው ሲነሣ ነው። አራቱንም ሰኮና አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ እግሩን ሲያነሡት የሚሰጠው መልስ ዐመሉንም ይነግራል። በደረቅ መሬት ላይ በሶምሶማ ቢያስኬዱት ጥሩ ነው። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። ከሩጫ በኋላ ሳሉንና አተነፋፈሱን ማዳመጥ ነው። ዓይኑ መሥራቱን ለማወቅ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየመሩ ማየት ይበቃል። ደግሞም በማለዳ መሄድ ይሻላል። ረጋጩን ፈረስ ሌሊቱን ጋልበው አድክመው ገራም ነው ብለው የሚሸጡ አሉና።

ታዲያ ስሙ በከንቱ ነው?

አይደለም። ሻጩን «ሲጠሩት ማን ነው የሚባለው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ስሙን ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆም ፈረስ ከሰው ጋር የኖረ ነው። ሻጩ ስሙን ሲጠየቅ ከተደናገረ፣ ወይም ሻጩ አንድ ስም፣ የሻጩ ልጅ ሌላ ስም ከተናገሩ ግን እንስሳው ከየት እንደመጣ አጥብቆ መጠየቅ ያሻል። የተሰረቀ ፈረስ ስሙን ይዞ አይመጣም።

የእናትና የአባቱ ነገርም ከንቱ አይደለም። ባዝራይቱ በአገሩ ያለች ከሆነች ሄዶ ማየት ከወሬ ይበልጣል። ቁመቷን፣ ደረቷን፣ ጸባይዋን አይቶ የልጇን መገመት ይቻላል። ያልታየች ባዝራ ግን ዋጋ ልትጨምር አይገባትም።

ዋናው ቁም ነገር ስሙ ከእንስሳው አካል ጋር መታሰሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እያንዳንዱ ፈረስ የመታወቂያ ደብተር ሊኖረው ይገባል። ከ2009 ወዲህ ለሚወለዱት ደግሞ በአንገታቸው ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ይቀበራል። በልዩ መሣሪያ ሲነበብ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ያወጣል። ደብተሩ ውስጥ የፈረሱ ሥዕል አለ። ነጭ ያለበት ቦታ፣ ጠባሳው፣ ፀጉሩ የሚዞርበት ቦታ ሁሉ ይመለከታል። ያ ሁሉ የሚደረገው ለምንድን ነው? ስም ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቁ ነው።

እኛ ይህ መሣሪያ ባይኖረን እስክሪብቶ አለን። ድሮ ከብት ሲገዛ የሚታመነው ዋስና ምስክር ነበር። ዛሬም ዋስና ምስክር አይቅር። ነገር ግን ምስክር ይረሳል፤ ይሞታል፤ አገር ይለቃል። የተጻፈ ውል ግን ሳጥን ውስጥ ይቆያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ለገዢ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢም የገዛውን ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ገዢው ጉድለት አይቶ አንድ ወር ዝም ቢል በራሱ ላይ ነው። ውሉ ላይ «አንድ ዳማ ፈረስ ሸጥሁ» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ የትኛው ዳማ እንደሆነ ዳኛው በምን ያውቃል? በቃል የተነገረው ሁሉ፣ ዕድሜውም፣ ዐመሉም፣ ምልክቱም ሻጩ ፊት ይጻፍ። እውነተኛ ሻጭ ይህን አይፈራም። ሲጻፍ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመ ገንዘቡን መቋጠር ነው።

ለምሳሌ ውሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እኔ ሻጭ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ቀበሌ ነዋሪ፣ መልኩ ዳማ የሆነ፣ ግንባሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ቦራ ያለው፣ የኋላ ግራ እግሩ ከሰኮናው በላይ ነጭ የሆነ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ የዳነ ጠባሳ ያለበት፣ የዳር ጥርሶቹን የቀየረና ዕድሜው 5 ዓመት ገደማ የሆነ፣ አንበሴ ተብሎ የሚጠራ ወንድ ፈረስ፣ ለገዢ ለእገሌ የእገሌ ልጅ በብር . . . . . ሸጬ ገንዘቡን ተቀብያለሁ። ፈረሱ የራሴ ነው። ኮርቻና ጭነት የለመደ ነው። አይራገጥም፤ አያነክስም። ይህ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ፈረሱን ተቀብዬ ገንዘቡን እመልሳለሁ። የሻጭ ፊርማ። የገዢ ፊርማ። የዋስ ስምና ፊርማ። የሦስት ምስክሮች ስምና ፊርማ። ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት።»

መልመጃ

1. በቤታችሁ ካሉት ከብቶች ወይም የጋማ ከብቶች አንዱን ምረጡ። ስሙን ሳትጠቅሱ፣ ያላየው ሰው ከመቶ መካከል ለይቶ እንዲያወጣው አድርጋችሁ መልኩን በደብተራችሁ ጻፉ።

2. ጽሑፉን ለጎረቤት አንብቡለትና እንስሳውን ይለይ እንደሆነ ጠይቁት። ካልለየ የጎደለውን ምልክት ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ።